ሎሚ እና የሰማያዊው ክበብ ወለል

ከአዳማ ወደ ቆቃ ስትወጡ፣ ከተማው አልቆ ሜዳው ከመጀመሩ በፊት፣ በስተግራ አንዲት ጉብታ አለች። ጉብታዋ ላይ የመስኮት መዝጊያዎቹ ሰማያዊ የሆኑ ሰፊ ቤት ተቀምጧል። በወረቀት ላይ ያለው ስሙ ረጅም ነው፤ የአዳማ ሰው ግን «ሰማያዊው ክበብ» ብሎ ይጠራዋል። እኔ በልጅነቴ አጥሩን እንጂ ቤቱን አላውቀውም ነበር። በጣም ትንሽ ሆኜ ቅዳሜ ወደ ማታ ሙዚቃው አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ ትዝ ይለኛል። ከእናቴ ጋር በዚያ ስናልፍ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኋትም፤ ዛሬ ልጠይቃት ብል የለችም።

ባለፈው ዓመት የክበቡ ኮሚቴ የስድሳኛ ዓመቱን በዓል ሊያከብር ሲዘጋጅ፣ ለበዓሉ መጽሔት የክበቡን ታሪክ እንድጽፍ ጠየቀኝ። እሺ ብዬ አባላቱን አንድ በአንድ ማነጋገር ጀመርኩ። አንዱ የመሥራቾቹን ስም ይቆጥርልኛል፣ ሌላው በየትኛው ወንበር ላይ የትኛው ደጃዝማች ይቀመጥ እንደነበር ይነግረኛል። ሁሉም ግን ንግግሩን የሚጨርሰው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በአዳራሹ ወለል። ስለ ወለሉ ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም አንድ ስም ይጠራሉ።

«እሱን ሎሚን ጠይቃት።»

ሎሚ ከክበቡ ጓሮ አጥር ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትራመድ እግሯን ከመሬት ብዙ የማታነሳ ሴት ናት። ከጓሮዋ የቆረጠችውን ፓፓያ በሳህን አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እትዬ ሎሚ፣ ስለ ክበቡ ታሪክ እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«የክበቡን ታሪክ አባላቱ ይነግሩሃል። እኔ የማውቀው ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን ነው። ደግሞ አንቺ በለኝ። እርስዎ ስትለኝ አባል የሆንኩ ይመስለኛል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄድኩባት። ለመጽሔቱ የምፈልገውን ከጨረስኩ በኋላም መሄዴን አልተውኩም።

ክበቡን ያቋቋሙት የቆቃ ግድብ ባለቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እዚህ ሸለቆ ውስጥ የቀሩ የውጭ አገር መሐንዲሶች፣ የፍራፍሬና የሸንኮራ እርሻ የነበራቸው ሰዎች፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች፣ እንዲሁም ጥቂት የአገራችን ባለርስቶች ነበሩ። አባል መሆን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ሁለት አባላት ሰውየውን ማቅረብ አለባቸው። ከዚያ ክዳን ያለው እንስራ ይቀርብና እያንዳንዱ አባል እጁን ወደ ውስጥ እየሰደደ አንድ ፍሬ ቦሎቄ ይጥላል፤ ነጭ ከሆነ ይግባ፣ ቀይ ከሆነ አይግባ ማለት ነው። እንስራው ሲገለበጥ አንዲት ቀይ ፍሬ ከተገኘች ነገሩ አበቃ። ማን እንደጣላት አይጠየቅም። የቦሎቄ አገር ስለሆነ ይሁን፣ ከውጭ አገር ያመጡትን ወግ እዚህ ባለው ነገር ስለተኩት ይሁን አላውቅም፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው የሚመረጠው። የአሁኑ ሰብሳቢ አቶ ኑዕማን፣ አባቱ ከወሎ መጥተው በአንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ሥራ የጀመሩ፣ እሱ ግን ጅቡቲ መስመር ላይ ብዙ መኪና ያለው ሰው፣ ሁለት ጊዜ ቀይ ቦሎቄ ወድቆበታል።

«በሦስተኛው ገባሁ» ብሎ ነገረኝ እየሳቀ። «አሁን ሰብሳቢያቸው ነኝ። ግን ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ የያንዳንዳቸውን ፊት ሳይ፣ አንተ ነህ? አንተ ነህ? እላለሁ በሆዴ።»

ወለሉን የሠራው ሙሴ ካርሎ የሚባል ጣሊያናዊ አናጢ ነው። እንጨቱን ከአርሲ ተራሮች አስመጣ፤ ቢጫውን ከዝግባ፣ ቀዩን ከኮሶ። ሳንቃዎቹን እንደ ዓሣ አጥንት ጎንና ጎን እያጋደመ ገጠማቸው። ከሥር ግን መሬቱ ላይ አላሳረፋቸውም። በጣሊያን ጦርነት ጊዜ በየሜዳው የቀሩ የጭነት መኪናዎችን ባሌስትራ እየፈታ አሰባሰበና ወለሉን በሙሉ በእነሱ ላይ አሳረፈው። ያ ድንጋይ ጭኖ በጉድጓድ ሲያልፍ የመኪናውን ወገብ የሚያተርፈው ብረት፣ እዚህ የዳንስ አዳራሽ ተሸከመ። ሰው ሲበዛበት ወለሉ በጣም ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ሰው ሲነሳለት ተመልሶ ከፍ ይላል።

ሎሚ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። የተወለደችው ደራ አጠገብ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት፣ በክበቡ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥብ የነበረችው አክስቷ ቡዜ ሥራ አግኝቼልሻለሁ ብላ አስመጣቻት። የመጀመሪያው ቀን በወጥ ቤቱ በር አስገብታ፣ በጠባብ መተላለፊያ ወስዳ፣ የአዳራሹን በር ከፈተችላት።

«ከሰዓት በኋላ ነበር» አለችኝ ሎሚ። «መስኮቶቹ ግማሽ ተዘግተው ብርሃኑ በስንጥቁ ይገባል። ወለሉ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ያበራል። ባዶ ነው፤ አንድ ዕቃ የለበትም። ከዚያ በፊት ባለው ቀን በመኪና ስንመጣ የቆቃን ሐይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አይቼ ነበር። እውነቴን ነው የምልህ፣ ሐይቁ ቤት ውስጥ ገብቶ የተኛ መሰለኝ። ቁጢጥ ብዬ በጣቴ ነካሁት፤ እርጥብ መሆኑን ላውቅ።»

«አክስትሽ ምን አለች?»

«ሳቀች። አትፍሪ፣ አያሰጥምም አለችኝ። እግሬን አስቀመጥኩ። ሌላውን እግሬን ጨመርኩ። ከሥሬ አንድ ነገር ትንፍስ አለ። አክስቴ፣ ይሄ ነገር ነፍስ አለው እንዴ? አልኳት። እሷ ስድስት ዓመት ስትሠራ እግሯን አሳርፋበት አታውቅም፤ የወጥ ቤት ሰው ነቻ። ምን አውቄ አለችኝ።»

ይህን ስትነግረኝ ሁለት እጆቿን መዳፋቸውን ወደ ታች አድርጋ አየሩ ላይ ዘረጋቻቸው፤ ቀስ ብላ ዝቅ፣ ቀስ ብላ ከፍ አደረገቻቸው።

ሥራዋ ወለሉን መወልወል ነበር። ቅዳሜ ዳንስ ስላለ ሐሙስ ይወለወላል። ከደራ ገበያ የሚመጣ ሰም በላምባ ይሟሟና በጨርቅ ይቀባል። ሲደርቅ ማብራት ያስፈልገዋል፤ ሰፊ ስለሆነ በእጅ አይቻልም። ስለዚህ ሠራተኞቹ የበግ ለምድ ይቆርጡና ፀጉሩን ወደ ታች አድርገው እግራቸው ላይ በገመድ ያስሩታል። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እንዳይወድቁ እጅ ለእጅ ወይም ወገብ ለወገብ ተያይዘው፣ እየተንሸራተቱ ይወለውላሉ። ለቅዳሜ የሚጫወተው ባንድ የሚለማመደውም ሐሙስ ነው። ሙዚቃው ካለ ሥራው በሙዚቃው ይሆናል። አንዱ እግር በየትኛው ምት እንደሚሄድ ማንም ሳያስተምራቸው ቀስ በቀስ እግራቸው ለመደው። የዳንሶቹን ስም አያውቁም ነበርና ራሳቸው ስም አወጡላቸው። ዋልሱን «ዟሪው» አሉት። ታንጎውን «ጎታቹ»።

የሎሚ ጥንድ መርዳሳ ነበር። ያኔ የክበቡ ሣር አጫጅ፣ አሁን የክበቡ ዋና በር ጠባቂ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሽማግሌ ነው። እኔና ሎሚ ቁጭ ብለን ስናወራ ሳያንኳኳ ገብቶ ከፓፓያው አንድ ቁራጭ አነሳ።

«ስለ ሐሙስ እየነገርሽው ነው? ጻፍ እንግዲህ» አለኝ። «ማዳሞቹ ቅዳሜ የሚጨፍሩትን እኛ ሐሙስ ጨፍረን እንጨርሰው ነበር። እነሱ የጨፈሩት የእኛን ትራፊ ነው።»

«አንተ ምን ጨፈርክ? ሁልጊዜ እግሬን ስትረግጠኝ ነው የኖርከው።»

«በበግ ፀጉር ብረግጥሽ ምን ይልሻል? ሌላ ሴት ብትሆን ትተኛበት ነበር!»

«ጎታቹ ሲመጣ ግራ እግሩን ይረሳዋል» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «ይኸው እስከ ዛሬ አላገኘውም።»

ሠራተኛ ወለሉ ላይ በጫማ መቆም አይፈቀድለትም ነበር። በለምድ፣ ወይም በባዶ እግር፣ ወይም ተንበርክኮ ብቻ። ማንም አያጉረመርምበትም፤ ወለሉን ለሚያውቅ ሰው ደንቡ ትክክል ይመስላል። ግን ሎሚ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናት ተረከዝ ያለው ጥቁር ጫማ ገዛች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያው። አንድ ቅዳሜ፣ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት፣ ጫማውን አድርጋ በመተላለፊያው በኩል እስከ አዳራሹ በር ደረሰች። አንድ እርምጃ፣ አንድ ጊዜ «ኳ» ሲል ልሰማው ብላ ነበር። እግሯን ስታነሳ የክበቡ ሥራ አስኪያጅ ሙሴ ያኒ ከኋላዋ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለበዓል ለሠራተኞቹ ሁሉ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ነው። ፈገግ ብሎ ጫማዋን አየ።

«ያምራል» አላት። «ግን ሎሚ፣ ወለሉ ለጫማ ነው፤ አንቺ ደግሞ ለወለሉ ነሽ።»

«ቢቆጣኝ ኖሮ እረሳው ነበር» አለችኝ። «ፈገግታው ነው አልወጣ ያለኝ። እንደ ትክክለኛ ነገር ነው የተናገረው። እኔም እንደ ትክክለኛ ነገር እሺ ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው ከዚህ ቤት የምፈልገው። በፊት ለፊቱ በር ገብቼ፣ ሰው ባለበት፣ በጫማ መሄድ። ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ።»

አብዮቱ መጣ። ክበቡ ተወረሰ። ሙሴ ያኒና ጓደኞቹ ሄዱ። አዳራሹ የስብሰባና የውይይት ቦታ ሆነ፤ አግዳሚ ወንበር ገባበት፤ ሰው ከእርሻ በመጣበት ጫማ፣ ወታደር በቦቲው ይገባበት ጀመር። ሎሚ ግን እዚያው ቀረች። ያረጁ ለምዶችን ቆራርጣ ለአግዳሚዎቹ እግር ሁሉ ካልሲ ሰፋችላቸው። አንድ ቀን ካድሬው አያት።

«ጓዲት፣ ይሄ የቡርዧ ወለል ነው። ምን ብለሽ ትንከባከቢዋለሽ?»

«ቡርዧው ሄዷል፣ ጓድ። ወለሉ የኛ ሆኗል ብላችሁ በማይክራፎን ነግራችሁን የለም እንዴ? የኛ ከሆነ ለምን እናበላሸዋለን?»

ካድሬው ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። በሚቀጥለው ስብሰባ በር ላይ ቆሞ «ጫማችሁን ጥረጉ!» እያለ ሰው ሲያስገባ የነበረው እሱ ነው። በድርቁ ጊዜ የእርዳታ እህል ተከማቸበት። ወለሉ ከጆንያው ክብደት የተነሳ በመሃሉ ሰርጎድ አለ፤ ሎሚ ጭነቱ በሙሉ አንድ ቦታ እንዳይሆን ጫኞቹን ስትለማመጥ ከረመች። እህሉ ወጥቶ ባለቀ ቀን ብቻዋን ገብታ መሃሉ ላይ ቆመች። ቀስ እያለ ተመለሰላት። ይህንንም ስትነግረኝ እጆቿ አየሩ ላይ ከፍ አሉ።

«ታዲያ ያን ጊዜ ሁሉ ቁልፉ በእጅሽ ነበር» አላት መርዳሳ። «ሙሴ ያኒ የለ፣ ማዳም የለ። ለምን በጫማሽ አልሄድሽበትም?»

«ብቻዬን ደብቄ ልሂድበት? ሌባ ነኝ እንዴ?»

«በስብሰባው ጊዜስ? ሁሉም በጫማ ይረግጠው የለም?»

«ሁሉም እየረገጠው እኔም ብረግጠው ማን ያድነዋል?» አለች።

ከዓመታት በኋላ የአዳማ ነጋዴዎች ቤቱን ተከራይተው አደሱት፤ አሮጌውን ደንብና የቦሎቄ እንስራውን ሁሉ መልሰው ክበቡን አቋቋሙ። ዛሬ አባላቱ የጭነት መኪና ባለቤቶች፣ የእህል ላኪዎች፣ የሆቴል ባለቤቶች ናቸው። አባል ያልሆነ ሰው፣ ከተማው ውስጥ ስንት ሕንፃ ቢኖረው፣ የዋናውን በር አያልፍም። ሠራተኛ ደግሞ እንደ ድሮው በወጥ ቤት በኩል ነው። ሎሚ ጉልበቷ እስኪደክም ሠራች፤ አሁን አዲሶቹን ልጆች ታሳያቸዋለች፤ እነሱ በማሽን ነው የሚወለውሉት።

የክበቡ ሥራ አስኪያጅ ሊዲ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የማይሞላት፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ፈጣን ልጅ፣ አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ወደ ሎሚ ቤት እየሮጠች መጣች።

«እማማ ሎሚ! አሪፍ ዜና! ለስድሳኛው በዓል የክብር እንግዳ እርስዎ ነዎት። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በፊት ለፊቱ በር ነው የሚገቡት። ጋሽ ኑዕማን ራሳቸው በእንግድነት ያስገቡዎታል፤ ኮሚቴው ውስጥ ያጉረመረመ ነበር፣ ዝም አሰኙት።»

የሎሚ ዓይኖች ወደ አጥሩ ሄዱ።

«ከዚያ ደግሞ» አለች ሊዲ «ከጋሽ መርዳሳ ጋር ያንን የበግ ለምድ እግራችሁ ላይ አስራችሁ፣ እንዴት ትወለውሉ እንደነበር ለሰው ታሳያላችሁ። ባንዱም ዋልስ ይጫወታል። ሰው ያብዳል ስልዎት!»

«እኔ ዝግጁ ነኝ» አለ መርዳሳ። «ጉልበቴን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ብቻ ቅጠሩልኝ።»

«በለምድ?» አለች ሎሚ።

«አዎ፣ ኦሪጅናሉ እንዲሆን!»

«ቶሌ» አለች ሎሚ፤ እሺ ማለቷ ነው። ተነስታ ለልጅቷ ፓፓያ ቆረጠችላት።

ሊዲ ከሄደች በኋላ «በጫማ መሄድ እንደምትፈልጊ ለምን አልነገርሻትም?» አልኳት።

«ልጅቷ ደስ ብሏት ነው የመጣችው። ምን ልበላት?»

«እኔ ለአቶ ኑዕማን ልንገረው።»

«ማሎ፣ እንዳታደርገው» አለችኝ፤ ተው እባክህ ስትል በኦሮምኛ ነው የሚቀናት። «አንተ ለምነህልኝ ከሄድኩበት ያንተ ጫማ ነው የሚሆነው። የኔ አይሆንም።»

በሳምንቱ ግን መርዳሳን አስከትላ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ወዳሉት ጫማ ቤቶች ሄደች። ያየውን መርዳሳ ነው የነገረኝ። ባለሱቋ ዝቅ ያለ ተረከዝና ማሰሪያ ያለው ጥቁር ጫማ አውርዳ «ለልጅዎ ነው፣ ማዘር?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለራሴ ነው።»

«ለሠርግ?»

«ለወለል» አለቻት ሎሚ። አድርጋው የሱቁ ሴራሚክ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታችበት፤ ጆሮዋን አዘንብላ አዳመጠች፤ ግንባሯን ቋጠረች። «ሴራሚክ አይታመንም» ብላ ገዛችው።

እሑድ ደረሰ። እኔ ቀደም ብዬ ገብቼ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ነበር። ስለ ክበቡ ያን ያህል ወር ስጽፍ ቆይቼ፣ በሩ ተከፍቶ የከሰዓቱ ብርሃን በሰማያዊዎቹ መዝጊያዎች ስንጥቅ ሲገባና ወለሉ ላይ ሲረዝም ሳይ፣ የጻፍኩት ሁሉ ስለ ሌላ ቤት መሰለኝ። ትልልቅ ሰዎች እዚያ ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እናቴ ትዝ አለችኝ።

ጥቂት እንግዶች ገብተው በግድግዳው ዳር ቆመዋል። የቀሩት በረንዳው ላይ ሆነው የክብር እንግዳዋን ይጠብቃሉ። ሎሚ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ አዲሱን ጫማ አድርጋ፣ በአቶ ኑዕማንና በሊዲ መሃል ደረጃዎቹን ወጣች። መርዳሳ ከኋላ ክራባት አስሮ ይከተላል። ባንዱ ቀስ ብሎ መጫወት ጀመረ። እኔ የማየው እግሯን ብቻ ነበር። ሁለት እርምጃ ቀራት፤ አንድ ቀራት፤ የአዳራሹ ደፍ ላይ ደረሰች።

እዚያ ቆመች፤ ጎንበስ አለች፤ ማሰሪያውን ፈታች። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና በባዶ እግሯ ገባች።

ማንም አላዘዛትም። ለሃምሳ ዓመት የለመደ እግር ነው፤ ከእሷ ቀድሞ አደረገው።

ቀጥሎ የሆነውን ሌላ ከተማ ውስጥ ሊሆን የሚችል አይመስለኝም። አቶ ኑዕማን ከኋላዋ ደፉ ላይ ሲደርስ የሷን እግር አየ፤ አንድ አፍታ ብቻ አሰበ፤ ከዚያ መስጊድ በር ላይ እንደሚያደርገው ሁሉ አንዱን ተረከዝ በሌላው ጫማ ጫፍ ረግጦ አወለቀ። የድሮው ክበብ ወግ ነው ብሎ ነው። ከሱ ኋላ ያሉት ወይዛዝርት ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሴቶች ናቸው፤ እነሱም ምንም ሳይጠይቁ እየተደጋገፉ አወለቁ። ማውለቁ በወረፋው ወደ በረንዳው ተላለፈ።

«ምንድነው? አውልቁ ተባለ?»

«የመሥራቾቹ ደንብ ነው አሉ።»

«እኛ ቸርች እንኳ በጫማ ነው የምንገባው» አለ አንድ ድምፅ፤ እሱም እያጉረመረመ አወለቀ። ቀድመው ገብተው በግድግዳው ዳር የቆሙት ደንግጠው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ፤ እኔም አወለቅኩ። አንድ ትልቅ እህል ላኪ የካልሲው ቀዳዳ እንዳይታይ አንዱን እግር በሌላው ላይ ደርቦ ቆመ።

አዳራሹ በሰው ሞላ፤ የጫማ ድምፅ ግን የለም። እንዲህ ያለ ዝምታ ብዙ ሰው ባለበት ቦታ ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ከሁላችንም እግር ሥር፣ ወለሉ ዝቅ አለ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ተኛ ትልቅ እንስሳ ትንፋሽ። ለዓመታት በጫማ የጨፈሩበት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዲት ሴት ወደ ባሏ ክንድ ተጠጋች።

«ሱብሃነላህ!» አለ አቶ ኑዕማን ወደ እግሩ እያየ። «ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነበር እንዴ?»

«ሁልጊዜ» አለ መርዳሳ።

ሊዲ ወደ ሎሚ ጆሮ ጠጋ አለች። «እማማ፣ ለምን አወለቁ?»

ሎሚ እጇ ላይ ያለውን ጫማ አየች። ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ፊቷን አየሁት፤ ባላይ እመርጥ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በር ላይ የሚያቆማት ሰው ነበር፤ አሁን አቁሞ የሚመልሳት ማንም ሳይኖር ራሷ አወለቀችው። ልክ በዚህ ሰዓት አንዲት አስተናጋጅ በትሪ ላይ ሁለት ጥንድ አዲስ የበግ ለምድ ይዛ ቀረበች፤ ባንዱ ወደ ዟሪው ተሸጋገረ፤ ሰውም ማጨብጨብ ጀመረ። መርዳሳ ለምዱን ሊያነሳ እጁን ዘረጋና የሎሚን ፊት ሲያይ መልሶ ሰበሰበው።

ሎሚ ለምዱን ዳሰሰችው። «ጥሩ ለምድ ነው» አለች ለሊዲ። «ሌላ ቀን እናሳያቸዋለን፣ ልጄ። ዛሬ እንግዳ ነኝ አይደል?»

«አዎ፣ እንዴታ፣ እንግዳ ነዎት» አለች ሊዲ ግራ ገብቷት።

«እንግዲያው ወንበር ስጡኝ።»

ወንበር መጣ። ተቀመጠችና ጫማዋን ታደርግ ጀመር። ማሰሪያው እጇን አስቸገራት። መርዳሳ ሊያግዛት ቢንበረከክ «ተወኝ፣ ራሴ» አለችው። ባንዱ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት አቆመ። ካልሲ ብቻ ያደረገው ሰው ሁሉ ቆሞ አንዲት አሮጊት ጫማ ስታስር ያያል።

«እኛን አስወልቃ እሷ ልታደርግ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ዝም በል!» አለ አቶ ኑዕማን ዞር ሳይል።

ሎሚ ተነሳች። ወለሉን አንድ ጊዜ ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። እግሯን አነሳች፤ በሕይወቷ ሙሉ ከመሬት አንስታው የማታውቀውን ያህል ከፍ አድርጋ አነሳችው፤ አስቀመጠችው።

ኳ።

ድምፁ እንደ ጠበቅኩት አልነበረም። ወፍራም ነው፤ ከሥር ባዶ ስለሆነ እንደ ከበሮ ሆድ ይመልሳል። ቆማ አዳመጠችው። ከዚያ ሄደች። ሰው በሁለት በኩል ተከፈለላት። አልፈጠነችም፤ እያንዳንዱን እርምጃ ጨርሳ ነው ቀጣዩን የምትጀምረው። ከእርምጃዋ ድምፅ ሌላ ምንም አይሰማም፤ በየእርምጃውም ወለሉ ትንሽ እሺ እያለ ንዝረቱ እስከ እኛ ድረስ ይመጣል፤ በእግሬ መዳፍ ይሰማኛል። አጠገቤ የቆመው እህል ላኪ አፉን በእጁ ይዟል። የካልሲውን ቀዳዳ ረስቶታል።

ከበሩ ጥግ እስከ ሩቁ መስኮት ድረስ ሄደች። እዚያ ደርሳ ዞረች። በሰሙ ላይ ተረከዟ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ትንንሽ ምልክት ይታያል፤ ከበሩ ጀምሮ እሷ እስከ ቆመችበት ድረስ ተደርድሯል። መርዳሳ በካልሲው እየተንሸራተተ ከኋላዋ ደረሰና ወደ ምልክቶቹ ጎንበስ አለ።

«ሐሙስ እናጠፋዋለን» አላት ቀስ ብሎ።

«ይቆይ» አለችው ሎሚ። ከመስኮቱ ሥር የአባላት ከሆኑት ወንበሮች አንዱን ሳበችና ተቀመጠች፤ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ጫነችው።